የይታየው መዳን

ይታየው መዳኑ በመሐል ሜዳ ከታወቀ ወዲህ የእህቱ የአያልነሽ ቤት ሰላም አጥቷል። ታሞ ሳለ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ ነገሩን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ሰውየው በቀትር ወንዝ ዳር ብቻውን ተኝቶ ሳለ ጋኔን መታው፣ ሰፈረበት፣ አለቀ። የመታውን ጋኔን በስም የሚያውቁ ሰዎች እንኳ አልጠፉም፤ አንዳንዶቹ አያቱንም እናውቀዋለን ይሉ ነበር። ይታየው በገበያ ቀን ከበጎች መሐል ቆሞ ሳይሸጡ ወደየቤታቸው እንዲመለሱ ሲመክራቸው ባለበጎቹ ከንፈራቸውን መጥጠው ዝም ይላሉ። ልብሱን ጥሎ የወጣ ቀን አንዱ የራሱን ጋቢ አልብሶ ወደ ቤት ያመጣዋል። በዚህ ሁሉ አያልነሽን በክፉ ዓይን ያየ ሰው አልነበረም። ጋኔን እንግዳ ነው፤ የማንንም በር ሊያንኳኳ ይችላል። ስለዚህ ጎረቤቱ አብሯት አዘነ፣ ጠላ ሲጠምቅ ለበሽተኛው አንድ ጣሳ ላከ፣ ለቅሶም ሆነ ክርስትና ሲኖር ከሰው እኩል ጠራት። ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ጣጣው የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት ይታየው ደብረ ብርሃን ወርዶ ኪኒን ከጀመረ በኋላ ነው። ማታ ማታ ከእራቱ ጋር አንዲት ነጭ ፍሬ ይውጣል። መጀመሪያ ላይ ከእንቅልፍ በቀር ያመጣችለት ነገር አልነበረም። ቀስ በቀስ ግን ከበጎች ጋር መማከሩን ተወ፣ ጢሙን ተላጨ፣ ሰባት ዓመት አቧራ የለበሰውን የስፌት መኪናውን ዘይት አጠጥቶ በረንዳ ላይ አወጣው። አሁን የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ሱሪ ለማሳጠር ሁለት ብር፣ ዚፕ ለመቀየር አራት ብር ይቀበላል፤ ዱሮ መንገድ ላይ ሲያዩት ወደ ማዶ ይሻገሩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ፊቱ ቆመው ወገባቸውን ያስለካሉ። አያልነሽ በዚህ ደስ ብሏት ነበር። ደስታዋን ለማንም አላወራችም፤ ሰው "በምን ዳነ?" ሲላት "ፈጣሪ ረድቶት" ትላለች፤ ሰሚውም ጠበል ማለቷ ነው ብሎ ይሄዳል። እሷም ተከትላ ሄዳ አላረመችም።

ልጇ ትሕትና ለአቶ ወንዳፈራሁ ልጅ የታጨችው በሰኔ ነው። ሽማግሌዎቹ አጥንት ሲቆጥሩ የአጎቷ ነገር ተነሥቶ፣ ደርሶበት ነበር፣ ለቆታል ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታለፈ። ሠርጉ ለጥር ሃያ ሰባት ተቆረጠ። ለገና ግን የልጁ አክስት ወይዘሮ አደይ ለጥየቃ መጥተው፣ የሚጠጣ ውኃ ፍለጋ ጓዳ ብቅ ሲሉ መደርደሪያው ላይ የኪኒኑን ብልቃጥ አዩ። ወይዘሮ አደይ ፊደል አልቆጠሩም እንጂ ጭንቅላታቸው የዳኛ ነው። ጋኔን ኪኒን አይፈራም አሉ። ኪኒን ያዳነው ከሆነ ጋኔን አልነበረም። ጋኔን ካልነበረ ከውጭ አልመጣም፤ ከውስጥ ነው። ከውስጥ ከሆነ አጥንት ነው። አጥንት ከሆነ ደግሞ የወንድሜ ልጅ ነገ ምን ሊወልድ ነው? ይህን ሁሉ ካሰቡም በኋላ ሰው ላለመበደል ብለው ጤና ጣቢያ ሄደው ነርሱን ምንተስኖትን ጠየቁት። ምንተስኖት የማይዋሽ ልጅ ነው፤ "አልፎ አልፎ በቤተሰብ ሊታይ ይችላል" አላቸው። "አልፎ አልፎ" የምትለውን ቃል ወይዘሮ አደይ እዚያው ጤና ጣቢያው በር ላይ ጥለዋት ተመለሱ።

ክፉ ሴት አልነበሩም። ትሕትናን ወደዋታል፤ በእጇ የጎረሱትን ሳይቀር ለሰው ያወሩላታል። ስለዚህ መውጫ ቀዳዳውን ራሳቸው ፈልገው አመጡ። "ጥር ዐሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ናት" አሏት ለአያልነሽ። "ጠበል ይግባ። ሰው ባለበት ይለፍልፍ፤ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳገኘው ይናገር፤ ለቀቅኩ ይበል። እኔም ቆሜ በዓይኔ ልይ። ያን ጊዜ ኪኒኑ ከንቱ እንደሆነ ይታወቃል፣ ወንድሜም አፉን ይዘጋል። ካልሆነ ግን እኅቴ፣ ወንዳፈራሁ ሽማግሌ ልኮ ቃሉን ያነሣል፤ እኔ ላስቆመው አልችልም።"

ያ ቀን ዛሬ ነው። ከውጭ ውርጭ መሬቱን አንጥቶታል። አያልነሽ ከቤቱ ጀርባ እንጨት ልትይዝ ወጥታ ሳለ ባሏ ፈንታ ከይታየው ክፍል ውስጥ ሲናገር ሰማችው። ፈንታ የበግ ጠጉር ባና ይነግዳል፤ ለደንበኛ በሚናገርበት በዚያው የሚያባብል ድምፁ ነበር የሚናገረው።

"ዐሥር ቀን ብቻ ነው እኮ" ይላል ፈንታ። "ኪኒኑን ለዐሥር ቀን ተወው። ራሱ ይመጣል። ሲመጣ ጠበል እናስገባሃለን፣ ይጮኻል፣ ይወጣል፤ ለሠርጉ ዋዜማ ይደርሳል። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ኪኒንህን ብትፈልግ ሁለት ሁለት ዋጥ፤ ማን ይከለክልሃል?"

"እሱ ሲመጣ እኔ አልኖርም" አለ ይታየው። "ያን ጊዜ መንገዱ ጠፍቶኝ ባልመለስስ? የሰው ጨርቅም ይዣለሁ። ዐሥራ ሁለት ዩኒፎርም ለሰኞ ላደርስ ቃል ገብቻለሁ።"

"አንተ ደግሞ ታካብዳለህ" አለ ፈንታ፤ ወጥቶም ሚስቱን እንጨት ታቅፋ ቆማ ሲያገኛት ምን ሰማሽ አላላትም፤ እሷም ምን አልክ አላለችውም። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ትልልቁን ነገር ሁሉ ያለፉት እንዲህ ነው። እንጨቱን አስቀምጣ ወደ ወንድሟ ክፍል ገባች።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ሽቦ አልጋ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ የሞላበት ማዳበሪያ፣ ግድግዳው ላይ ቀበሌ ያደለው፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ስንት ቀን እንደቀረው የሚቆጥር ወረቀት። በሩ ጀርባ ባለው ምስማር ላይ የትሕትና የመልስ ቀሚስ በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ቀሚሱን የሰፋው ይታየው ነው። ከገና ወዲህ ሁለት ጊዜ አጥብቦታል፤ ልጅቷ እህል ሲያሳዩዋት ፊቷን ታዞራለችና። ትሕትና ልጁን ትወደዋለች። ይህን ለእናቷ አልነገረቻትም፤ እናትየው ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ታውቃለች። በመንዝ አንዲት ልጅ የምትወደው ሰው በአባቷ ተመርጦ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ጥሎሽ ይዞ ሲመጣላት ስንት ጊዜ ይታያል? አያልነሽ ራሷ ፈንታን ያየችው በሠርጓ ቀን ነው። ልጇ ይህን እንድታጣ አልፈለገችም፤ በዚህ ዓለም ላይ ከዚያ የበለጠ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

"ኪኒኑን አትተውም" አለችው።

"አልተውም፣ እታለም።"

"ዛሬ ግን ትጮኻለህ።"

ይታየው መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ የልብሱ ደረት ላይ ሰካው። "ምን ብዬ?"

"ሌላው እንደሚለው ነዋ። ተቃጠልኩ ትላለህ። በቀትር ወንዝ ዳር አገኘሁት ትላለህ። ከዚያ ለቀቅኩ ብለህ ትወድቃለህ። ይኸው ነው።"

"ታምሜ ሳለሁ እንኳ እንዲህ ብዬ አላውቅም።"

"ያኔ ብትል ኖሮ ዛሬ ባልተቸገርን።"

ይታየው ነገሩን ከልቡ አሰበበት። መቼም ከዳነ ወዲህ ማንኛውንም ነገር ከልቡ ነው የሚያስበው፤ ዚፕ እንኳ ሲቀይር እንደዚያ ነው። "ጠበሉን እጠመቃለሁ" አለ በመጨረሻ። "ጠበል ደስ ይለኛል። ግን መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው ሲጠይቁኝ እንዴት እዋሻለሁ? አሁን በራሴ አፍ መናገር ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ለሌላ አላውሰውም።"

"ለትሕትና ነው።"

"አውቃለሁ" አለና ወደ ተሸፈነው ቀሚስ ተመለከተ። "ለእሷ ሌላ ነገር ጠይቂኝ።"

የምትጠይቀው ሌላ ነገር አልነበረም። አያልነሽ በዚያች ደቂቃ ወንድሟን ጠላችው፤ እንደዚሁም በሰባት ዓመት ውስጥ አኩርቷት የማያውቀውን ያህል አኮራት። ሁለቱን ነገር የምታስቀምጥበት ቦታ ስላጣች ነጠላዋን አጣፍታ "በል ተነሥ፣ ውርጩ ሲለቅ እንሂድ" አለችው። ጠበሉ ቦታ ሲደርስ፣ ሕዝቡን ሲያይ፣ ለእህቱ ልጅ ሲል ልቡ ይራራ ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች።

ወይዘሮ አደይ ከቤተ ክርስቲያኑ መገንጠያ ላይ ነጭ ለብሰው ጠበቋቸው። ሦስቱም አብረው ቁልቁለቱን ያዙ፤ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። መጀመሪያ ያወሩት ስለ በግ ዋጋ ነበር። ወይዘሮ አደይ ለጥምቀት ሙክት ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ሲጠራ ሰምተው ጆሯቸውን አላመኑም፤ አያልነሽም ጤፉስ ቢሆን አለች። ከዚያ ወይዘሮ አደይ ወደ ይታየው ዞሩና በጨዋታ መልክ ይመረምሩት ጀመር። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ዐሥራ ስድስት፣ አለ ይታየው። የዚያ የማዶው ቀበሌ ስሙ ማን ነበር? ነገራቸው። ለአንድ ካኒቴራ ስንት ክንድ ጨርቅ ይበቃል? እንደ ሰውየው ነው፣ ለእርስዎ ባለቤት ሁለት ተኩል ይበቃል፣ ለወንድምዎ ግን ሆዳቸው ስላለ ሦስት ያስፈልጋል፣ አላቸው። በትክክል በመለሰ ቁጥር የወይዘሮ አደይ ፊት እየጠቆረ ሄደ። አያልነሽ ወንድሟ አንዷን እንኳ ቢስት ብላ ለመነች። አልሳተም፤ እንዲያውም ወይዘሮ አደይ ራሳቸው የዘነጉትን የማርያምን ዝክር ቀን አስታወሳቸው።

ጠበሉ ከገደል ሥር ይፈልቃል። የወንዶቹ መጠመቂያ በአንድ በኩል፣ የሴቶቹ በሌላ በኩል በቆርቆሮ ተከልሏል፤ የተጠመቀው ሁሉ እየተንቀጠቀጠ መሐሉ ላይ ባለው ሜዳ ይሰበሰብና አጥማቂው አባ ዓምደ ሚካኤል በመስቀል እየባረኩ፣ ፊት ፊቱን ጠበል እየረጩ ያልፋሉ። አባ ዓምደ ሚካኤል የሚያስላቸው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ከጋኔን ጋር ሲነጋገሩ ኖረው ድምፃቸው ሻክሯል። የዛሬው ሰው ሁለት መቶ ይሆናል። ከጓሳ በኩል የመጣ አንድ ገበሬ ጥርሱ እየተፋጨ "ተቃጠልኩ" ይላል። አንዲት ወጣት ሴት ከመቃብር ሥፍራ ተከትያት ነው የመጣሁት ብላ በወንድ ድምፅ ትናዘዛለች። ሌላዋ ጋኔኑ የሚለቅበትን ምልክት እንድትናገር ስትጠየቅ ስድስት ዶሮ ጠየቀችና አባ "አንዲት ላባም አታገኝ" ብለው አሳለፏት። አያልነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሁሉንም ሰማች። ሳታስበው ቅደም ተከተሉን ሁሉ ልብ ብላለች፤ መጀመሪያ ሙቀቱ፣ ቀጥሎ የተገናኙበት ቦታ፣ ቀጥሎ ዘመኑ፣ መጨረሻ መልቀቁ።

የይታየው ተራ ደረሰ። ከነልብሱ ረጥቦ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አባ መስቀሉን ግንባሩ ላይ አኖሩ።

"ስምህን ተናገር።"

"ይታየው።"

"አንተን አላልኩም። ውስጥህ ያለውን ነው።"

"ውስጤም ይታየው ነው፣ አባ። ሌላ የለም።"

አባ ጠበሉን ሦስት ጊዜ ፊቱ ላይ ረጩት። ይታየው ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ፣ አመሰገነ። ወይዘሮ አደይ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። አያልነሽ በልቧ "አንዲት ቃል፣ ወንድሜ፣ አንዲት ቃል" ትላለች።

"ታመህ ነበር?" አሉ አባ።

"ሰባት ዓመት። አሁን ከሐኪም የተሰጠኝን ኪኒን እወስዳለሁ። ደህና ነኝ።"

አባ ቀና ብለው አዩት። ሲያዩት ፊታቸው ዐረፍ ያለ መሰለ፤ በዚያ ቀን በራሱ ስም የመለሰላቸው የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያም ለብዙ ሰው መናገር በለመደው ድምፃቸው "እሱም ቢሆን ከእግዚአብሔር ነው፤ ኪኒንህንም ጠበልህንም አትተው" አሉ። "ይህ ሰው ደህና ነው። ምንም የለበትም።" መስቀሉን አሳልመውት ወደ ቀጣዩ አለፉ። ይታየው ልክ ጎበዝ የተባለ ተማሪ ይመስል ወደ እህቱ ዞሮ ፈገግ አለ።

በእነዚያ ሰባት ዓመታት ይህችን ቃል ብትሰማት አያልነሽ መሬቱን ትስመው ነበር። ዛሬ ግን ወይዘሮ አደይ አጠገቧ ቆመው ሰምተዋታል። ሴትየዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ደስ አላላቸውም፤ እንዲያውም ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ሰማሽ፣ እኅቴ" አሉ በዝግታ። "ምንም አልነበረበትም። እንግዲህ ነገሩ የት እንዳለ ታወቀ። ቂም አትያዥብኝ፤ ለልጅሽም ሌላ ይመጣላታል።" ይህን ብለው ዳገቱን ሊይዙ ዞሩ።

መጀመሪያ ላይ አያልነሽ አእምሮዋ ሙሉ ነበር፤ በዚህ ኋላም ትምላለች። ማስረጃዋ ነጠላዋ ነው፤ ከመጮኋ በፊት አውልቃ፣ አጥፋ፣ ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ ላይ አስቀምጣዋለች። ከዚያ "ተቃጠልኩ" አለች። የወጣላት ድምፅ ትንሽ ስለነበር አጠገቧ ያለችው ሴት ብቻ ዞረች። "ተቃጠልኩ" ብላ ስትደግም ግን ሜዳው በሙሉ ሰማ፤ ወይዘሮ አደይም ከዳገቱ መለስ አሉ። አባ ዓምደ ሚካኤል እያሳሉ መጡ።

"ማን ነህ?"

"ይታየውን በቀትር ወንዝ ዳር ያገኘሁት ነኝ" አለች አያልነሽ። "ሰባት ዓመት ጋለብኩት።"

"እሱ ላይ የለህም። አሁን የት ነህ?"

"ኪኒኑን ሲውጥ ሸተተኝ። ትቼው እህቱ ላይ ወጣሁ። ኪኒን አላስለቀቀኝም፤ በገዛ እጄ ነው የተሻገርኩት።"

ከሕዝቡ መሐል የመገረም ድምፅ ተሰማ። ነገሩ ውሉን አገኘ። ወይዘሮ አደይ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው "አቤት፣ እንዲህ ነዋ" ሲሉ አያልነሽ በግልጽ ሰማቻቸው። እዚህ ላይ ለቀቅኩ ብላ መውደቅ ነበረባት፤ ያሰበችው ይህንኑ ነበር። አፏ ግን አልቆመም።

"በመጫኛ ያሰርኩት እኔ ነኝ" አለች። "ምሰሶው ላይ። እጁ ሲያብጥ እያየሁ አላላላሁለትም። እህሉን በእግሬ ገፋ እያደረግሁ አቀረብኩለት። እናቴ ስትሞት አደራ ብላኝ ሄደች፤ አደራው በላኝ። ሰው ሁሉ እየመጣ ለእሱ አዘነ፤ እኔን እንዴት ዋልሽ ያለኝ የለም። ባሌ አላለኝም። በሦስተኛው ዓመት በነሐሴ ለዚችው ለኪዳነ ምሕረት ተሳልኩ። ከመስከረም በፊት ብትወስጅልኝ ጥላ አገባለሁ አልኳት። ይሙትልኝ አልኩ። ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ፣ ዋጋውን ጠይቄ መጥቻለሁ። እሷ ሳትወስደው ይኸው ዳነ።"

ይህ የጋኔን ድምፅ አልነበረም። የራሷ የአያልነሽ ድምፅ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው፣ ትንሽ የሚጎተተው ድምፅ። ቢሆንም ማንም ልብ አላለም። "ሊገድለው ነበር እኮ" አለች አንዲት ሴት፤ "የክፉ ክፉ ነው" አለች ሌላይቱ። ይታየው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ልብሱ ውኃ እያንጠባጠበ ቆሟል። አያልነሽ እሱን አየችው፤ ያልተባለውን "ለቀቅኩ" መሬት ላይ ተቀምጣ አለችው።

አባ ዓምደ ሚካኤል እንደ ምንም አጎንብሰው ፊቷን በእጃቸው ጠረጉላት። ምን እንዳሰቡ ከፊታቸው ማወቅ አይቻልም። "ሦስት ሱባኤ እዚህ ትቀመጫለሽ" አሉ። "ትጠመቂያለሽ፣ ትጠጫለሽ፣ ትተኛለሽ። በተለይ ትተኛለሽ።"

"እህቴ ደህና ናት" አለ ይታየው። ጮክ ብሎ ነው ያለው። "አትያዟት፤ ምንም የለባትም። ደክሟት ነው።"

ሰዎቹ ዞረው አዩት። አስተያየታቸውን አያልነሽ ከመሬት ሆና አወቀችው፤ ከበጎቹ መሐል ቆሞ ሲመክር ያዩት የነበረው ዐይነት ነው። ወይዘሮ አደይ በርኅራኄ ትከሻውን ነካ አደረጉትና "አንተ ምን ታውቃለህ፣ ወንድሜ" አሉት። "አንተ እኮ ታመህ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ አደይን ደስታ ፈነቀላቸው። አያልነሽን ሊስሟት ፈልገው፣ ትዝ ሲላቸው ግን ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብለው በአየር ሳሟት። "አጥንታችሁስ እንደ ወተት ነው" አሉ። "ዛሬውኑ ለወንዳፈራሁ እነግረዋለሁ። እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።" ቀጥሎ ጣታቸውን አውጥተው ይቆጥሩ ጀመር። ከዛሬ ሃያ አንድ ቀን የካቲት ሰባት ነው። ሠርጉ ጥር ሃያ ሰባት። ዐቢይ ጾም የካቲት አምስት ይገባል።

"ቢዘገይስ?" አለች አያልነሽ።

"ጾም ገብቶ ሠርግ የት ታውቂያለሽ? ድግሱ ተጠንስሷል፤ ሁለት በሬም ደጅ ታስሯል።" ወይዘሮ አደይ ትንሽ ተቅለሰለሱ፤ የሚቀጥለውን መናገር ከብዷቸዋል። "ደግሞም፣ ቀኑ ቢደርስ እንኳ ሙሽራዋ ካለችበት ባትደርሽ ነው የሚሻለው። ቅር አይበልሽ። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሻገር ዐይነት ነው፤ በገዛ አፉ ነግሮናል። ለሙሽራ ደግሞ ይቸኩላል። አንድ ዓመት፣ እስክትወልድ፣ ከሩቁ ትጠያየቃላችሁ።"

መሻገሩን የተናገረችው ራሷ ናት። "ይሁን" አለች አያልነሽ። ልጇ ማግባቷ ደስ አላት። ልጇን ቆማ አለመዳሯ አንጀቷን ቆረጣት። ሁለቱ አንድ ላይ ስለመጡባት የትኛውን እንደምታስቀድም አላወቀችም፤ ነጠላዋን ከድንጋዩ ላይ አንሥታ ለበሰች።

ከሰዓት በኋላ ይታየው ቤት ደርሶ ተመለሰ። አያልነሽን ለጠበልተኞች በተሠራችው የጭቃ ጎጆ ውስጥ፣ ከሁለት ሴቶች ጋር አገኛት፤ ሴቶቹ ውኃ ሊቀዱ ወጥተው እስኪመለሱ ብቻቸውን ሆኑ። ባና፣ የገብስ ቆሎ፣ ሳሙናና የፈንታን ሰላምታ አምጥቷል። ፈንታ ነገሩን ሲሰማ "እሰይ" እንዳለ፣ ወዲያው ደግሞ "እራት ማን ሊሠራ ነው?" እንዳለ ነገራት። አያልነሽ ይህን ጠብቃው ነበር።

"ትሕትናስ?" አለች።

"በላች።"

"ምን ያህል?"

"ሁለት እንጀራ።" ይታየው ቆሎውን ከፌስታሉ ወደ ሳህን ገለበጠ። "መጀመሪያ አለቀሰች። እማዬ ሳትኖር አላገባም አለች። ከዚያ በላች። ቀሚሱን መልሼ ማስፋት አለብኝ።"

አያልነሽ ራሷን ነቀነቀች። ጥቂት ጊዜ ሁለቱም ቆሎ ዘገኑ። በጎጆዋ በር በኩል የቤተ ክርስቲያኑ ጣራና የጉልላቱ መስቀል ይታያል፤ ከሥር ዘግይተው የመጡ ሰዎች እየተጠመቁ የሚያሰሙት ጩኸት ይመጣል። ይታየው የባናውን ጠርዝ ይዞ በጣቱ ስፌቱን ይከተላል። ምን ሊል እንደሆነ ከቀትር ጀምሮ ታውቃለች።

"እታለም" አለ። "ያ የጥላው ነገር።"

አያልነሽ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሰባት ዓመት ያጎረሰችው፣ ያጠበችው፣ ያሰረችው ሰው ነው፤ አሁን አድጎ እንደ መጣ ልጅ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እውነቱን ብትነግረው ይቅር እንደሚላት ታውቃለች። ይቅር ሲላት ለማየት ግን ዐቅም አጣች።

"እሱ ነው የለፈለፈው" አለች። "እኔ አይደለሁም።"

ይታየው አንድ ጊዜ በበሩ በኩል ወደ መስቀሉ ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ እሷ።

"አውቃለሁ" አለ። "እሱን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲዋሽ ነው የኖረው።"

ባናውን ትከሻዋ ላይ ደረበላት፤ መንገዱ ሳይመሽበት ተነሥቶ ሄደ።